ባለቤቴ ለሕክምና ሥራ ወደ ማላዊ ይሄዳል፤ ነፍሰ ጡር ሆኜ አብሬው ልጓዝ ወይስ ልቅር?

እመ ተስፋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ ወር ወዲህ በቤታችን ሲብላላ የቆየ፣ እኔና ባለቤቴ ለብቻችን ልንቋጨው ያልቻልነው ጉዳይ ስላለ ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው የጻፍሁት።

ባለቤቴ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ነው። ከኅዳር 22 ጀምሮ ለስድስት ወራት ማላዊ ውስጥ፣ ብላንታየር ከተማ በሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ ማዕከላዊ ሆስፒታል እንዲሠራ ውል ቀርቦለታል። በዚያ ሆስፒታል ግቢ በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የሕፃናት ቀዶ ሕክምናና የጽኑ ሕሙማን ማዕከል አለ፤ እዚህ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥሙትን የአፈጣጠር ችግሮች እዚያ ደጋግሞ የማከም ዕድል እንደሚያገኝ ያምናል። እኔም ይህ ዕድል እንዲያልፈው አልፈልግም።

ችግሩ የእኔ ነገር ነው። ዛሬ፣ ጥቅምት 4፣ 13 ሳምንት ሞላኝ፤ የምወልደውም ሚያዝያ 13 አካባቢ እንደሆነ ተነግሮኛል። ስለዚህ እሱ ሲነሣ የ20 ሳምንት ነፍሰ ጡር እሆናለሁ፤ ውሉ ሲያበቃ ደግሞ ልጁ ከተወለደ ከወር በላይ ይሆነዋል። አምና የመጀመሪያው ፅንስ በ10 ሳምንቱ ስለወረደብኝ፣ አሁን ሆዴ ትንሽ በቆረጠኝ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነው የማድረው። እሱ አጠገቤ ሲሆን ይቀለኛል፤ እውነቱን ለመናገር አብሬው ለመሄድ የፈለግሁትም ከሌላው ሁሉ ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስት መንገዶች ይታዩናል። አንደኛው አብሬው ሄጄ እዚያው መውለድ ነው። ሁለተኛው አብሬው ሄጄ በየካቲት መጨረሻ፣ 33 ሳምንት ሲሆነኝ፣ ለመውለድ ወደ አገር ቤት መመለስ ነው። ሦስተኛው እኔ አዲስ አበባ ቀርቼ እሱ ብቻውን እንዲሄድ ማድረግ ነው። እህቶቼ «ባልሽን ተከተዪ» ይሉኛል፤ ደብረ ብርሃን የምትኖረው እናቴ ደግሞ «የጉዞውን ስም እንኳ አታንሺብኝ» ትላለች። የምሠራው በግል ባንክ ውስጥ ስለሆነ ያለ ደመወዝ ፈቃድ መጠየቅም ይኖርብኛል። በእርግዝና ወቅት ከትዳር አጋራችሁ ጋር ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሄዳችሁ፣ ወይም ስለ ጉዳዩ በሙያችሁ የምታውቁ፣ ምን ትሉኛላችሁ?

ከኪጋሊ የተመለስኩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ደብዳቤ የማነብ ነው የመሰለኝ። ባለቤቴ የሰመመን ሕክምና ባለሙያ ነው፤ እሱ ለአንድ ዓመት ኪጋሊ ሲመደብ እኔ የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ሆኜ ተከተልኩት። ልጃችን በሰላም ተወልዳ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ስለዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ለማስፈራራት እንደጻፍኩት አትውሰጂው።

ማንም አስቀድሞ ያልነገረኝ ነገር ቢኖር፣ ሐኪም ባልን ተከትሎ መሄድ ማለት ከባል ጋር መዋል ማለት አለመሆኑን ነው። አዲስ አበባ ሳለን ማታ ቢዘገይ እናቱ ቤት እሄዳለሁ፣ ጎረቤቴ ቡና ትጠራኛለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ። እዚያ ግን እሱ ማለዳ 12 ሰዓት ወጥቶ ከመሸ ይመለሳል፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት ተረኛ ነው፣ እኔ ደግሞ ቋንቋውን በማላውቀው ሰፈር ውስጥ ከአራት ግድግዳ ጋር እፋጠጣለሁ። የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍኩት ስልክ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

26ኛው ሳምንት ላይ አንድ ሌሊት ደም አየሁ። ባለቤቴ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ስለነበር ስልኩን የሚያነሣ አልነበረም። የትኛው ሆስፒታል በሌሊት የማህፀን ሐኪም እንዳለው አላውቅም፤ የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ከእኛ ቤት ሩቅ ነው፤ የታክሲ ቁጥር እንኳ አልያዝኩም። ከላያችን ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት ሴት በመኪናዋ ወሰደችኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ መጀመሪያ የተጠየቅሁት ስለ ደሙ ሳይሆን ስለ ክፍያው ነበር። የጉዞ ኢንሹራንሴን አውጥቼ ሳሳይ፣ ውሉ ከእርግዝና ጋር የተያያዘን ወጪ እንደማይሸፍን በትንንሽ ፊደል ተጽፎበት ተገኘ። እኔ ያነበብኩት የፊቱን ገጽ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልሂድ ወይስ ልቅር ብለሽ ከመወሰንሽ በፊት፣ ባለቤትሽ ከሥራ ባልደረቦቹ አንድ ነገር አጥርቶ ይጠይቅልሽ፦ እሱ ተረኛ ሆኖ ስልክ በማያነሣበት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደም ብታዪ የምትደውዪው ለማን ነው፣ በማን መኪና የት ትሄጃለሽ፣ እዚያስ የምትቀበልሽ ሐኪም ማን ናት? መልሱ በስምና በስልክ ቁጥር ካልመጣ አትንቀሳቀሺ። ኢንሹራንሱንም ስትገዢ የእርግዝና ውስብስብ ችግርን፣ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃንን ሕክምናና በአውሮፕላን ወደ ሌላ አገር መወሰድን መሸፈኑን ነጥለሽ በጽሑፍ አስመልሺ። እናቲቱን ሸፍኖ ሕፃኑን የማይሸፍን ውል አለና።

የማህፀን ሐኪም ነኝ

ክብርት ጠያቂያችን፣ ካርድዎን ሳላይና ሳልመረምርዎ የምጽፈው አጠቃላይ ሐሳብ ስለሆነ የክትትል ሐኪምዎን ምክር እንደማይተካ አስቀድሜ ላስታውስ።

ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ አውሮፕላኑ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ትንሹ ነገር እሱ ነው። ከ14 እስከ 28 ሳምንት ያለው ጊዜ ለጉዞ የተሻለው እንደሆነ በሙያችን የታወቀ ነው፤ የአሜሪካ የጽንስና የማህፀን ሐኪሞች ኮሌጅም ውስብስብ ችግር ለሌለባት ነፍሰ ጡር አልፎ አልፎ መብረር እስከ 36 ሳምንት ድረስ ደኅንነቱ የተጠበቀ መሆኑን ይገልጻል። ከአዲስ አበባ ወደ ማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ያለው በረራ አራት ሰዓት ገደማ ነው። በእርግዝና ጊዜ ደም የመርጋት ዝንባሌው ስለሚጨምር በመተላለፊያው በኩል ይቀመጡ፣ በየሰዓቱ ተነሥተው ይራመዱ፣ ውኃ ይጠጡ፣ የእግር መጭመቂያ ካልሲ ያድርጉ፤ ቀበቶውንም ከሆድዎ በታች ይሰሩት። አየር መንገዶች ከ28 ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ሊጠይቁ ስለሚችሉ፣ በ33 ሳምንት መመለስ ካሰቡ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ደንቡን ይጠይቁ።

የሚያሳስበኝ ወባ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ እዚህ ያደገ ሰው ወባን የሚቋቋም የሰውነት ልምድ የለውም። ብላንታየር በ1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ማላዊ ውስጥ የሚበዛው የወባ ዓይነትም ከባዱ ፋልሲፓረም ነው። የማላዊ የዝናብ ወራት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያሉት መሆናቸውን ደግሞ ልብ ይበሉ፦ ባለቤትዎ የሚነሡበት ቀንና እርስዎ የሚወልዱበት ቀን የዝናቡ መግቢያና መውጫ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ነፍሰ ጡር ሴት ወባ ሲይዛት ሕመሙ ከሌላው ሰው ይበረታባታል። የወባው ጥገኛ ተሕዋስ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ስለሚሸሸግ ከጣት በሚወሰድ ደም ላይ ላይታይ ይችላል፤ ውጤቱም ከባድ የደም ማነስ፣ የፅንስ መውረድ፣ ያለጊዜው መውለድ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡሮች ወባ ወዳለበት አካባቢ የሚያደርጉትን ጉዞ ከተቻለ እንዲያዘገዩ የሚመክረው።

መሄድ ግድ ከሆነ የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልግዎታል፤ ምርጫው ግን ጠባብ ነው። ባለቤትዎ ምናልባት ዶክሲሳይክሊን ወይም አቶቫኮንና ፕሮጓኒል የተዋሃዱበትን እንክብል ይወስዱ ይሆናል። የመጀመሪያው ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ሁለተኛው ደግሞ ስለ ደኅንነቱ በቂ መረጃ ስለሌለ አይመከርም። ስለዚህ ከእሳቸው ብልቃጥ እንዳይካፈሉ። በእርግዝና ጊዜ ሊወሰድ የሚችለው ሜፍሎኪን ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይወሰዳል፣ ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይጀመራል፣ ከተመለሱ በኋላም ለአራት ሳምንት ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ከባድ ጭንቀት፣ ድብርት ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሆንም። «ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነው የማድረው» ያሉትን ዓረፍተ ነገር ሳነብ እዚህ ላይ ቆም ብያለሁ፤ ይህን ለሐኪምዎ ሳይሸሽጉ ይንገሩ። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር፣ ከመሸ በኋላ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ዲት ያለበት የትንኝ መከላከያ ቅባት ከክኒኑ እኩል ያስፈልጋሉ።

ከዚህ የሚለየው የቢጫ ወባ ነገር ነው፤ ስሙ ይመሳሰል እንጂ ሌላ በሽታ ነው። ማላዊ ስንደርስ ሊጠይቁን የሚችሉት የክትባት ካርድ የዚህ ነው፤ ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች ከዚህ የሚሄድ ሰው ካርዱን መያዝ ይኖርበታል። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስላለበት በእርግዝና ጊዜ በአብዛኛው አይሰጥም። ከዚህ በፊት ተከትበው ከሆነ ግን ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካርዱ ዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል አሮጌውን ካርድ ይፈልጉት። ካልተከተቡም በሕክምና ምክንያት ከክትባቱ ነፃ መሆንዎን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ይዘጋጃል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ፦ የደም ዓይነትዎ ምንድን ነው? አምና ፅንስ መውረዱን ጽፈዋል፤ የደም ዓይነትዎን ግን አልጻፉም። ኔጌቲቭ ከሆኑና ባለቤትዎ ፖዘቲቭ ከሆኑ፣ ያን ጊዜ የአንቲ-ዲ መርፌ (የእናቲቱ ሰውነት የፅንሱን ደም የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል እንዳይፈጥር የሚከላከለውን) መውሰድዎንና አለመውሰድዎን ማወቅ አለብን። በደምዎ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ተፈጥሮ ከተገኘ፣ የፅንሱን የደም ማነስ በልዩ አልትራሳውንድ በቅርብ የሚከታተል ሐኪም ስለሚያስፈልግ ጉዞው በእኔ አመለካከት ይቀራል። ካልተፈጠረ ደግሞ በ28 ሳምንት፣ ማለትም በጥር አጋማሽ ካለፈ በኋላ፣ መርፌውን የትም ብትሆኑ ማግኘት ይኖርብዎታል። እርስዎ ፖዘቲቭ ከሆኑ ወይም ሁለታችሁም ኔጌቲቭ ከሆናችሁ ይህን አንቀጽ እንዳልጻፍኩት ይቁጠሩት።

በተረፈ የፅንሱን አፈጣጠር የሚያሳየውን አልትራሳውንድ ኅዳር 9 ካለፈ በኋላ፣ ከመነሻዎ በፊት ያድርጉ። ውኃውን አፍልተው ይጠጡ፤ ማላዊ በ2022 እና 2023 እ.ኤ.አ. በታሪኳ ከታዩት ሁሉ የከፋ የኮሌራ ወረርሽኝ አስተናግዳለች። ባለቤትዎ ለዕረፍት ወደ ማላዊ ሐይቅ ቢወስድዎ ዳር ሆነው ዓሣውን ይብሉ እንጂ አይዋኙ፤ ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ።

ሌሊት ተረኛ

እኔ የምጽፈው በባለቤትሽ ወገን ቆሜ ነው። አጥንት ሐኪም ነኝ፤ ለስምንት ወራት ሐርጌሳ ስሠራ የመጀመሪያ ልጄ አዲስ አበባ ተወለደ። የልጄን የመጀመሪያ ለቅሶ የሰማሁት የባለቤቴ እህት በያዘችው ስልክ ነው፤ መስመሩ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተቋርጧል። ባለቤቴ ብቻዋን በመቅረቷ አልተቀየመችኝም። የተቀየመችው ለመምጣት አሠሪዎቼን እንኳ ሳልጠይቅ መቅረቴን ከጊዜ በኋላ ስታውቅ ነው።

ያልጠየቅሁት ደግሞ የማይቻል መስሎኝ ነበር። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ሲሰጥ ለአባት የተፈቀደው ሦስት ቀን ነው፤ ከዚህ ልማድ የተነሣ አባት በወሊድ ጊዜ መገኘቱን እንደ ቅንጦት እናየዋለን። የውጭ አገር ውል ግን ከመፈረሙ በፊት ሊደራደሩበት የሚቻል ነገር ነው። ስድስቱ ወራት ለሁለት ተከፍለው፣ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ያለው ጊዜ ፈቃድ ሆኖ፣ የጎደለው ቀን በሰኔ እንዲሟላ ባለቤትሽ አሁኑኑ ቢጽፍ የሚያጣው ነገር የለም። እኔ ከፈረምሁ በኋላ የጠየቅሁት ሰው «ቀድመህ ብትነግረን ምን ነበረበት» ነው ያለኝ።

በነገራችን ላይ የአንቺ 30 ቀን የሚጀምረው መጋቢት 13 ግድም ነው። ከዚያ በፊት የምትወስጂው ሁሉ ከዓመት ፈቃድሽ ወይም ያለ ደመወዝ ስለሚሆን፣ ከባንኩ ጋር የምትነጋገሪውን በቃል አትተዪው፤ ወደ ሥራ መደብሽ እንደምትመለሺ የሚገልጽ ደብዳቤ ያዢ።

እማማ ከደሴ

ልጄ፣ ማርያም በሰላም ታገላግልሽ። አምስት ወልጃለሁ፤ ሁለቱን የወለድኩት ባለቤቴ ግዳጅ ላይ ሳለ ነው። እናትሽ «ስሙን አታንሺ» ማለቷ ማላዊን ጠልታ አይመስለኝም፤ አምና የሆነውን አብራሽ ስላየች ነው። እሷን በክርክር አትርቺያትም፤ ይልቅ ምን እንደምትፈሪ አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ንገሪያት።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሁላችሁም ማላዊ ስላለው ሌሊት ትጠይቃላችሁ፤ አዲስ አበባ ስላለው ሌሊት የጠየቀ ግን የለም። ባልሽ ከሄደ እናትሽ ደብረ ብርሃን፣ አንቺ አዲስ አበባ ብቻሽን ነው የምታድሪው። ያቺ የኪጋሊዋ ልጅ የጠየቀችሽን ጥያቄ እዚህም መልሺው። እቀራለሁ ካልሽ እናትሽ ከጥር ጀምራ ትምጣልሽ ወይም አንቺ እሷ ጋ ሂጂ፤ ገንፎውና አጥሚቱ የሚደርሰው ለአራስ ብቻ ነው ያለው ማነው?

እመ ተስፋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ እርስዎን፣ እማማ፣ ጥያቄዎን ለባለቤቴ ሳነብለት ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሄጄ ከእናቴ ጋር ተነጋገርሁ፤ ለካ የምትፈራው መንገዱን ሳይሆን አምና የሆነው ሲሆን አጠገቤ አለመኖሯን ነው። እሱ ከሄደ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ እኔ ጋ መጥታ እንደምትቀመጥ ቃል ገብታልኛለች።

እዚያው የመውለዱን ሐሳብ ትተነዋል። ባለቤቴ ሚያዝያን በፈቃድ እንዲያሳልፍና ውሉ እስከ ሰኔ እንዲራዘም ጠይቆ ጽፏል፤ መልሱ ገና አልመጣም። የሌሊቱን ጥያቄም የሚያውቀው አንድ ባልደረባው እንዲያጣራልን ልኮለታል። የቢጫ ወባ ካርዴን ከድሮ ፓስፖርቴ ጋር አገኘሁት፤ ከዓመታት በፊት ለሥልጠና ካምፓላ ስሄድ ተከትቤ ኖሯል።

ዶክተር፣ ጥያቄዎን ባነበብሁበት ማታ የክትትል ካርዴን አውጥቼ አየሁት። ኦ ኔጌቲቭ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ቢ ፖዘቲቭ ነው። ካርዱ ላይ ተጽፎ ሳለ እሱ በልጆች፣ እኔ በቁጥር ስንዋትት ሁለታችንም አላስተዋልነውም። አምና ፅንሱ ሲወርድ የሄድሁበት ክሊኒክ መርፌ ወግቶኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ምን እንደነበር ግን አልነገሩኝም፣ ወረቀቱም የለኝም። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራውን ዛሬ ጠዋት ሰጥቻለሁ፤ ውጤቱን ሐሙስ ውሰጂ ብለውኛል። እስከዚያ ድረስ የእሱ ትኬት ብቻ ይቆረጥ ተባብለናል።